የጌታው ጨለማ፣ የአስካሪው ጥያቄ
«የጨለማ ልብ»ን እና «ሓደ ዛንታ»ን ጎን ለጎን ማንበብ

«ጣሊያን ትንሽ ቢቆይልን ኖሮ የት በደረስን ነበር!» ይህን አባባል አዲስ አበባ ኖሮ ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። እኔ በምኖርበት በለቡም ታክሲው መንገድ ላይ በቆመ ቁጥር፣ ክረምት አስፋልቱን በሸረሸረው ቁጥር አንዱ ተሳፋሪ ያነሳዋል። ሌላው ደግሞ «እውነት ነው፤ የጣሊያን ድልድይ እስከ ዛሬ አልተነቃነቀም» ብሎ ያጸናለታል። ተናጋሪዎቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ በመንገድ ችግር የተማረሩ፣ የሥራ ሰዓት የሚያልፍባቸው ሰዎች ናቸው። ንግግሩ ግን አንድ ከባድ ሐሳብ አዝሏል። የሰው አገር ወርሮ መግዛት፣ መንገድና ሥልጣኔ እስካመጣ ድረስ፣ ይቅር ሊባል ይችላል የሚል ሐሳብ ነው።

ይህን ሐሳብ ከሥሩ ነቅለው የመረመሩ ሁለት አጫጭር ልብ ወለዶች አሉ። አንደኛው ጆሴፍ ኮንራድ በእንግሊዝኛ የጻፈው «የጨለማ ልብ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1899 «ብላክውድስ» በተባለ መጽሔት በሦስት ተከታታይ ክፍል ወጣ፤ በ1902 በመጽሐፍ ታተመ። ሁለተኛው ገብረኢየሱስ ኃይሉ በትግርኛ የጻፈው «ሓደ ዛንታ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1927 ተጽፎ የኅትመት ብርሃን ያየው በ1950፣ የጣሊያን አገዛዝ ከኤርትራ ከተነቀለ በኋላ ነው። ኮንራድ የጌታውን ልብ ከፍቶ አሳየን። ገብረኢየሱስ ደግሞ ለጌታው ጠመንጃ የተሸከመውን፣ የገዛ ወንድማችንን ልብ። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን አንባብያን የመጀመሪያው ያለ ሁለተኛው ጎደሎ ነው እላለሁ፤ የዚህ ዳሰሳ ክርክርም ይኸው ነው።

ኮንራድ እንግሊዛዊ ሆኖ አልተወለደም። ፖላንዳዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1857 ሲወለድ አገሩ በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት ሥር ነበረች። ወላጆቹ ለፖላንድ ነፃነት በመሥራታቸው በግዞት ተሰደዱ፤ ሁለቱም በሕመም አልቀው ልጁ በ11 ዓመቱ ያለ እናትና ያለ አባት ቀረ። ስለዚህ በባዕድ መገዛት ምን እንደሆነ ከቤቱ ያውቀዋል። መርከበኛ ሆኖ ዓለምን ከዞረ በኋላ በ1890 ወደ ኮንጎ ወረደ።

ኮንጎ ያኔ የአንድ ሰው ንብረት ነበረች። የቤልጂየሙ ንጉሥ ሊዮፖልድ ሁለተኛ በ1885 የአውሮፓ ኃያላንን ይሁንታ አግኝቶ፣ ከገዛ አገሩ ብዙ እጥፍ የሚሰፋውን ምድር በግሉ ያዘው። ሕይወቱን ሙሉ ግን አንድም ቀን አልረገጠውም። ለዓለም የነገረው የባሪያ ንግድን ሊያጠፋ፣ ሥልጣኔን ሊያስገባ እንደሆነ ነው። መሬት ላይ የሆነው ደግሞ የዝሆን ጥርስና የጎማ ዝርፊያ ነበር። የተመደበበትን የጎማ መጠን ያላመጣ መንደር ይቃጠላል፤ ወታደሮቹ ጥይት በከንቱ አለማባከናቸውን ለማስረዳት የሰው እጅ ቆርጠው ያቀርባሉ። ሕዝቡ በሚሊዮኖች አለቀ። ጩኸቱ እየበረታ ሲመጣ በ1908 ግዛቱ ከንጉሡ ተወስዶ ለቤልጂየም መንግሥት ተላለፈ። ኮንራድ ይህ ሁሉ በዓለም አደባባይ ከመነገሩ በፊት በእንፋሎት ጀልባ ወንዙን ሽቅብ ወጥቶ፣ ስታንሊ ፏፏቴ ደርሶ፣ የታመመ የኩባንያ ወኪል ጭኖ ተመለሰ። ወኪሉ መንገድ ላይ ሞተ። ኮንራድም ታሞ ወጣ፤ ጤናው ከዚያ ወዲያ አልተመለሰለትም።

ልብ ወለዱ ይህን ጉዞ ይከተላል። ማርሎ የተባለ መርከበኛ ቴምዝ ወንዝ ላይ መልሕቅ ጥላ በቆመች ጀልባ ተቀምጦ ለጓደኞቹ ይተርካል። ኩርትዝ የተባለ፣ ከሌሎቹ ወኪሎች ሁሉ የበለጠ የዝሆን ጥርስ የሚልክ፣ በአውሮፓ ትልቅ ተስፋ የተጣለበት ሰው ከወንዙ ራስጌ ይኖራል። ማርሎ እሱን ፍለጋ ይወጣል። መንገዱ በረዘመ ቁጥር ስለ ኩርትዝ የሚወራው ይገዝፋል፤ ሲደርስ የሚያገኘው ግን ራሱን አምላክ ያደረገ፣ በአጥሩ እንጨቶች ጫፍ ላይ የሰው ራስ የሰካ ሕመምተኛ ነው።

የመጽሐፉን ጉልበት ለማየት እስከ ኩርትዝ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። መጀመሪያ ላይ፣ የባቡር ሐዲድ በሚሠራበት ጣቢያ፣ ሁለት ትዕይንቶች ተከታትለው ይመጣሉ። ማርሎ ከፀሐይ ሊጠለል ወደ ዛፍ ጥላ ሲገባ ሰዎች ወድቀው ያገኛል። ከሩቅ በውል ስም ተሰብስበው የመጡ፣ ምግቡ የማይስማማቸው፣ ሲታመሙና ለሥራ ሲደክሙ እየተንፏቀቁ እንዲሞቱ የተተዉ ሠራተኞች ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ ልጅ እግር ነው፤ አንገቱ ላይ ነጭ ክር አስሯል። ማርሎ ኪሱ ውስጥ የነበረውን ብስኩት ይሰጠዋል። ልጁ በእጁ ይይዘዋል፤ ሌላ እንቅስቃሴ የለም።

ከዚያ ጥላ ሲወጣ ፊት ለፊት የሚገጥመው የኩባንያው ሂሳብ ሹም ነው። ኮሌታው በስታርች የደረቀ፣ ሱሪው እንደ በረዶ የነጣ፣ ፀጉሩ በቅባት የተከፈለ። መዝገቡ ላይ አንድ ስሕተት አይገኝም። ልብሱን እንዴት እንዲህ እንደሚያነጣው ሲጠየቅ አንዲትን የአገሩን ሴት እንዳስተማረ፣ ሥራውን ስለምትጠላው ብዙ እንዳስቸገረችው ይናገራል። አንድ በሞት አፋፍ ላይ ያለ ሰው ክፍሉ ውስጥ ሲያስገቡበትም ማቃሰቱ ሐሳቡን እየበተነ ሂሳቡን እንዳያሳስተው ይሰጋል። ኮንራድ እዚህ ላይ አንድም የውግዘት ቃል አይጨምርም፤ ሁለቱን ሥዕሎች አጠገብ ለአጠገብ ሰቅሎ ያልፋል። አንባቢ የሚያየው ይህ ነው፦ የቅኝ ግዛት ጨካኝነት በአመዛኙ በቁጣ የሚሠራ ሥራ አይደለም። ንጹሕ ልብስ ለብሶ፣ ሥርዓት ጠብቆ፣ ሂሳቡን አስተካክሎ የሚሠራ ሥራ ነው። የገዳዩ ጽዳት ከሟቹ ደም ጋር በአንድ ግቢ ውስጥ በሰላም ይኖራል።

ኩርትዝ ዘንድ ስንደርስ ይኸው ነገር በጽሑፍ ይመጣል። አረመኔያዊ ልማዶችን ለማስወገድ የተቋቋመ ማኅበር ሪፖርት እንዲያዘጋጅለት ጠይቆት ነበር፤ እሱም በተዋበ ቋንቋ፣ በቸርነት ቃል የተሞላ ሰፊ ጽሑፍ አዘጋጅቷል። ማርሎ ሲያነበው ልቡ ይነካል። በመጨረሻው ገጽ ግርጌ ግን በኋላ በተንቀጠቀጠ እጅ የተጨመረች አንዲት መስመር አለች፤ እነዚያን ሰዎች ሁሉ ማጥፋትን የምታዝዝ። ስብከቱና ትእዛዙ ከአንድ እጅ ወጥተው አንድ ወረቀት ላይ ሰፍረዋል።

ይህን ክፍል ኢትዮጵያዊ ሲያነበው ልብ ወለድ መሆኑን ይረሳል። ፋሺስት ጣሊያን አገራችንን ሲወር ለዓለም መንግሥታት ማኅበር ያቀረበው ምክንያት ከሊዮፖልድ የተቀዳ ነው፦ ባርነትን ማጥፋት፣ ኋላ ቀር አገር ማሠልጠን። አዲስ አበባ በሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ተያዘች። ሁለት ወር ከጥቂት ቀን በኋላ፣ ሐምሌ 1 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ሙሶሊኒ ለእንደራሴው ለግራዚያኒ በላከው ቴሌግራም በአርበኞችና ይተባበሯቸዋል በተባሉ ነዋሪዎች ላይ የሽብርና የማጥፋት ፖሊሲ በዘዴ እንዲካሄድ ፈቀደ። የኩርትዝ ግርጌ መስመር ማለት ይህ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የጀመረው እልቂት አዲስ አበባን ሦስት ቀን በደምና በእሳት አጠባት፤ የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 30,000 ብሎ አስታውቋል። ግንቦት 13 ቀን ደግሞ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተረሸኑ፤ ከአምስት ቀን በኋላ ዲያቆናቱ ተከተሉ። ግራዚያኒ ወደ ሮም ያስተላለፈው ሪፖርት 297 መነኮሳት፣ 23 ምእመናን፣ 129 ዲያቆናት ይላል፤ ታሪክ አጥኚዎች ቁጥሩ ከዚህ እጅግ እንደሚበልጥ አሳይተዋል። ያን ሪፖርት ያነበበ ሁሉ የኮንራድን ሂሳብ ሹም ያውቀዋል። ነፍስ በአሃዝ ተመዝግቧል፤ መዝገቡም ንጹሕ ነው።

የመጽሐፉ መደምደሚያም ለእኛ ባዕድ አይደለም። ኩርትዝ ሊሞት ሲል በሹክሹክታ ሁለት ጊዜ የሚደግማት ቃል በሕይወቱ ሙሉ የተናገራት ብቸኛ እውነት ናት፤ ያየውንም ያደረገውንም በአንድነት የምትኮንን ቃል። ማርሎ አውሮፓ ተመልሶ የሟቹን እጮኛ ሲያገኛት ግን ያችን ቃል አይነግራትም፤ ሲሞት ስምሽን ጠራ ብሎ ይዋሻታል። እሷም በፍቅርዋና በኩራትዋ ትኖራለች። አውሮፓ ስለ ቅኝ ግዛቱ ለራሱ የነገረው ታሪክ የዚያች እጮኛ ሳሎን ነው። የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር በኢትዮጵያ ላይ የመርዝ ጋዝ መጣሉን በይፋ ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996፣ ጋዙ ከተጣለ 60 ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። በ2012 ደግሞ አፊሌ በምትባል የጣሊያን ከተማ ለግራዚያኒ መታሰቢያ ቆመ። ኮንራድ በ1899 የጻፈው ውሸት ከመቶ ዓመት በኋላም እየተነገረ ነው ማለት ነው።

እስከዚህ ድረስ ኮንራድን አመሰገንኩ። ጉድለቱ ግን ትንሽ አይደለም። ናይጄሪያዊው ቺኑዋ አቼቤ እ.ኤ.አ. በ1975 ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው ንግግር ኮንራድን ዘረኛ ብሎ ከሰሰው። ክሱ በመጽሐፉ ውስጥ ማስረጃ አለው። በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ አፍሪካውያን የሚታዩት በእጅና በእግር፣ በዓይን ነጭና በጩኸት ነው። ሰው የሚገባው ቋንቋ የሚናገሩት ከሁለት ጊዜ አይበልጥም፦ አንድ ጊዜ የሰው ሥጋ ለመብላት ሲጠይቁ፣ አንድ ጊዜ የኩርትዝን ሞት ሲያረዱ። ነጭ ክር አንገቱ ላይ ያሰረው ልጅ ከየት መጣ? እናቱ ማን ናት? ክሩን ማን አሰረለት? ማርሎ ይህን ይገረምበታል እንጂ አይጠይቅም። ለኮንራድ አፍሪካ የአውሮፓዊው ነፍስ የምትፈተንበት ሜዳ ናት፤ በሜዳው ላይ የሚኖሩት ሰዎች የራሳቸው ፈተና፣ የራሳቸው ምርጫ፣ የራሳቸው ኃጢአትና ጽድቅ ያላቸው አይመስሉም። አቼቤ ይህን በማለቱ እውነተኛ ነው። ከዚህ ተነስቶ መጽሐፉን መጣል ግን አይገባም ባይ ነኝ፤ ጌታው በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ቋንቋው ራሱን የመሰከረበት ሰነድ ነውና። አንባቢ ማወቅ ያለበት ምስክሩ ግማሽ መሆኑን ነው።

ሌላውን ግማሽ ፍለጋ ወደ ራሳችን ቀጠና እንምጣ። ገብረኢየሱስ ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ1906 ኤርትራ ውስጥ የተወለደ የካቶሊክ ካህን ነው። በነገረ መለኮት እስከ ዶክትሬት ተምሯል፤ በኋላ ዘመኑ በሮም የኢትዮጵያ ኤምባሲ የባህል አታሼ፣ የማስታወቂያ ሚኒስቴር አማካሪ፣ የቋንቋ አካዳሚ አባል ሆኖ አገልግሏል፤ በ1993 አረፈ። «ሓደ ዛንታ»ን ሲጽፍ ገና የ21 ዓመት ወጣት ነበር። በእንግሊዝኛ የተረጎመው ግርማይ ነጋሽ ነው፤ ትርጉሙ እ.ኤ.አ. በ2012 ታተመ።

ታሪኩ ቀላል ነው። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1911 ሊቢያን ወረረች፤ ለዚያ ጦርነት ከኤርትራ አስካሪዎችን፣ ማለትም ለቅኝ ገዢው የሚዋጉ የአገሬው ተወላጅ ወታደሮችን፣ ታጓጉዛለች። ቱኳቦ የወላጆቹ አንድ ልጅ ነው። ወላጆቹ እያለቀሱ ቢለምኑትም ይመዘገባል። ከአስመራ በባቡር ወደ ምጽዋ፣ ከምጽዋ በመርከብ ወደ ሊቢያ ይሄዳል። በረሃው ውስጥ ከጠላት ጥይት የተረፈው ወታደር በውሃ ጥም ያልቃል። ቱኳቦ በሕይወት ይመለሳል፤ እናቱ ግን ሞታለች። ሙሾ ያወርዳል፤ የጣሊያንን ጠመንጃም ዳግመኛ ላያነሳ ይተዋል።

በዚህ አጭር መጽሐፍ ውስጥ ደራሲው የሚያነሳው ጥያቄ አንድ ነው፤ ቱኳቦ ለምን ሄደ? መልሱ አንባቢን ያስደነግጣል። ያስገደደው የለም። ደመወዝ ብቻም አልሳበውም። ያሳደገው ፉከራ ነው የላከው። በዚያ ዘመን ሊቢያ ያልዘመተ ወንድ እንደ ወንድ አይቆጠርም ነበር፤ ልጆቹ በዘፈን ይሰሙታል፣ በጨዋታ ይደግሙታል። ሽለላና ቀረርቶ ሰምቶ ያደገ የጎጃም፣ የጎንደር፣ የሸዋ አንባቢ ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ገዳይ እየተባለ የሚወደስበት፣ ፈሪ በሴት እየተመሰለ የሚሰደብበት አንደበት የሁላችንም ነው። ቅኝ ገዢው አዲስ ጀግንነት አላስተማረም፤ የነበረውን ጀግንነት ተከራየው። አያቶቻችን አገር ያቆሙበትን ወኔ ወስዶ የሌላውን አገር ማፍረሻ አደረገው። ኮንራድ በመቶ ገጽ ያላየውን ነገር ገብረኢየሱስ እዚህ ላይ አየው፤ ጨለማው በእኛም ቤት ውስጥ ማደሪያ አለው፤ ስሙም ዓላማውን ያልጠየቀ ጀግንነት ነው።

የባቡር ጣቢያው ትዕይንት መጽሐፉን ከኮንራድ ጋር ፊት ለፊት ያገናኘዋል። ኮንራድ ሐዲዱን ያሳየን በሚሠራበት ጊዜ ነው፤ አንገታቸው በብረት ሰንሰለት የተያያዘ ሰዎች አፈር በቅርጫት ሲያመላልሱ። ገብረኢየሱስ ሥራው አልቆ ባቡሩ ሲጓዝ ያሳየናል። ጣቢያው በእናቶች፣ በአባቶች፣ በሚስቶች ልቅሶ ተሞልቷል፤ ባቡሩ ልጆቻቸውን ይዞ ቁልቁል ወደ ባሕሩ ይነዳል። የሥልጣኔ ማስረጃ ተብሎ የሚጠቀሰው ባቡር እዚህ ገበሬን ከማሳው ነቅሎ ወደ ሰው አገር የሚያጓጉዝ መሣሪያ ነው። ኮንራድ ዘንድ ስም ያልነበራት እናት ደግሞ እዚህ ታለቅሳለች፣ ትለምናለች፣ ትጠብቃለች፣ በመጨረሻም ሳታየው ትሞታለች።

በረሃው ላይ ቱኳቦ ዓይኑ የሚከፈተው ጠላቱን ባየ ጊዜ ነው። ሊቢያውያኑ ከእሱ ይልቅ በመሣሪያ ያነሱ ናቸው፤ ግን ለአገራቸው ይሞታሉ። እሱስ? የራሱን አገር አስረክቦ፣ የረካቢውን ጠመንጃ ይዞ፣ አላስረክብም ያለውን ሰው ሊገድል መጥቷል። ይህ ሐሳብ ከውሃ ጥሙ በላይ ያቃጥለዋል። ማርሎ ወንዙ ዳር ላይ ከሚያየው «አረመኔ» ጋር የሩቅ ዝምድና እንዳለው ሲያስብ ይሸማቀቃል፤ ቱኳቦ ግን ከሊቢያዊው ጋር ያለውን ዝምድና ሲያውቅ በራሱ ያፍራል። በእኔ ፍርድ የሁለተኛው ኀፍረት ይልቃል፤ ሰውን ወደ ንስሐና ወደ ውሳኔ ይወስደዋልና።

ታሪክ ደግሞ መጽሐፉ ከተጻፈ በኋላ ነገሩን አከፋው። የሊቢያ አርበኞችን መሪ ኡመር አል ሙክታርን እ.ኤ.አ. በ1931 ያሰቀለው ጦር አዛዥ ግራዚያኒ ነበር። ይኸው ሰው በ1928 ዓ.ም. በደቡብ ግንባር ኢትዮጵያን ሲወር፣ በጄኔራል ናሲ የሚመራ የሊቢያውያን ክፍለ ጦር ይዞ ኦጋዴን ገባ። ኤርትራዊው ሊቢያ ሄዶ ሊቢያዊውን ገደለ፤ ሊቢያዊው ኦጋዴን መጥቶ ኢትዮጵያዊውን ገደለ። ጌታው አንድ ነው፤ የሚሞቱት ሁለቱም ባሮቹ ናቸው። በደብረ ሊባኖስም ቃታውን የሳቡት በጣሊያን መኮንኖች የሚታዘዙ፣ ከቅኝ ግዛት የተመለመሉ ወታደሮች ናቸው።

እኛስ ለቱኳቦ ወንድሞች ምን ነበርን? ይህን ጥያቄ መሸሽ አይገባም። በዓድዋ ድል ማግሥት፣ በ1888 ዓ.ም.፣ የተማረኩት ጣሊያናውያን በአመዛኙ በምሕረት ተይዘው ወደ አገራቸው ተመለሱ። በመቶዎች የሚቆጠሩ የኤርትራ አስካሪዎች ግን በከዳተኛነት ቀኝ እጃቸውንና ግራ እግራቸውን ተቆረጡ። ለጌታው ምሕረት፣ ለአሽከሩ ሰይፍ። በታላቁ ድላችን ላይ የወደቀ ጥላ ነው፤ ድሉን አያጠፋውም፣ ግን መታየት አለበት። የኮንጎን የተቆረጡ እጆች አይቶ የሚያለቅስ ኢትዮጵያዊ አንባቢ እነዚህንም እጆች ማስታወስ ይገባዋል። ያን ጊዜ አስካሪው ለምን ሄደ ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ «ሓደ ዛንታ» የጠየቀው ያንን ነው።

መልስ የሰጡም አሉ። በ1928 ዓ.ም. ጦርነት ጣሊያንን ከድተው ወደ ኢትዮጵያ ጦር የገቡ ኤርትራውያን ወታደሮች ነበሩ። የካቲት 12 በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ኤርትራ ውስጥ የተወለዱ ናቸው፤ አብርሃ በጣሊያኖቹ ቢሮ በአስተርጓሚነት ይሠራ ነበር። ለጌታው ቋንቋ የሆነ ሰው አንደበቱን መልሶ ወሰደ ማለት ነው። ቱኳቦ በሙሾ የጨረሰውን እነሱ በተግባር ቀጠሉት።

«ሓደ ዛንታ» እንከን የለበትም አልልም። ደራሲው ካህን ነውና ታሪኩ መናገር ሲችል እሱ ገብቶ የሚመክርበት ቦታ አለ። ሊቢያውያኑን በክብር ያያቸዋል፤ ሆኖም ከሩቅ ነው፤ የአንዳቸውንም ቤት አንገባም። በዚህ ረገድ ኮንራድ በእጁ ያለው የሥዕል ብልሃት ይበልጠዋል፤ የሂሳብ ሹሙን የመሰለ ሥዕል እዚህ አይገኝም። በሕሊና ጥራት ግን ሁለተኛው ይመራል። ኮንራድ ያየውን ጉድ ከእጮኛይቱ ደብቆ ጨረሰ፤ ገብረኢየሱስ እውነቱን ለገዛ ወገኑ፣ በገዛ ወገኑ ቋንቋ፣ ገዢው አናት ላይ ቆሞ ሳለ ጻፈው።

በመካከላቸው አንድ የእኛ ታሪክ ቆሟል። ኮንራድ ጀልባውን ያቆመበት ስታንሊ ፏፏቴ በኋላ ስታንሊቪል፣ ዛሬ ኪሳንጋኒ የሚባለው ከተማ ሆነ። ኮንጎ እ.ኤ.አ. በ1960 ነፃ ወጥታ ስትታወክ በተባበሩት መንግሥታት ዓላማ ሥር ከዘመቱት መካከል የኢትዮጵያ ጠቅል ብርጌድ ነበር፤ ወታደሮቻችን ስታንሊቪል ሰፈሩ። ከ1962 እስከ 1963 የጠቅላላው የሰላም አስከባሪ ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ከበደ ገብሬ ነበሩ። የኩርትዝ ግቢ ተብሎ በተሣለው ምድር ላይ አፍሪካዊ ወታደር የሰው ንብረት ሊነጥቅ ሳይሆን ሰላም ሊጠብቅ ቆመ። ያ ተልእኮ የራሱ ክርክር አለበት፤ የአገሪቱ የመጀመሪያ ጠቅላይ ሚኒስትር ሉሙምባ የተገደለው የተባበሩት መንግሥታት ጦር ኮንጎ ውስጥ እያለ ነው። ቢሆንም አፍሪካዊ ጠመንጃ ሲይዝ ለማን እንደያዘው መጠየቅ እንደሚቻል፣ የተለየ መልስም መስጠት እንደሚቻል ያሳያል።

ወደ መንገዱ ክርክር ልመለስ። ጣሊያን መንገድ ሠርቷል፤ እውነት ነው። የሠራው ግን ጦሩን ወደ አርበኛው ጫካ ለማድረስና ግዛቱን ለሰፋሪዎቹ ለማመቻቸት ነው። ባቡር ለማግኘትም መገዛት አላስፈለገንም። አፄ ምኒልክ የጅቡቲውን ሐዲድ ፈቃድ የሰጡት እ.ኤ.አ. በ1894 ነው፤ ባቡሩ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ዛሬ በሰፈሬ ያለው የፉሪ ለቡ ጣቢያ ወደ ጅቡቲ የሚወስደው የኤሌክትሪክ ባቡር መነሻ ነው፤ መስመሩ በ2009 ዓ.ም. መስከረም ላይ ተመርቋል። በብድር ተሠርቷል፤ ዕዳውም ይከብዳል፤ ስለ አዋጭነቱ መከራከር ተገቢ ነው። የምንከራከረው ግን ባለቤት ሆነን ነው። በቅኝ ግዛት ሐዲድ ላይ አንገቱ የታሰረው ሰው፣ ከአስመራ የተጫነው አስካሪ ይህ መብት አልነበራቸውም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ «ጣሊያን ቢቆይ ኖሮ» የሚል ስትሰሙ አትቆጡት፤ እነዚህን ሁለት መጻሕፍት አውሱት። የሥነ ጽሑፍ መምህራንም «የጨለማ ልብ»ን ለብቻው ከማስተማር ይቆጠቡ፤ «ሓደ ዛንታ»ን አጠገቡ ያስቀምጡ፤ አሳታሚዎችም ሁለቱን በአማርኛ በአንድ ጥራዝ ቢያወጡ ለአገር ትልቅ ውለታ ይሆናል። የመጀመሪያው ወራሪውን እንዴት እንደምናውቀው ያስተምራል። ሁለተኛው ወራሪው የእኛን እጅ ሲፈልግ እጃችንን እንዴት እንደምንነፍገው ያስተምራል። ለዛሬው ወጣት ይበልጥ የሚያስፈልገው ሁለተኛው ትምህርት ነው።